ከቀለሙ በፊት ፌስታሉ

ዛሬ ጅማ፣ ሂርማታ ሰፈር፣ አንድ ቀለም መሸጫ። አንዲት እናት «የሳሎኔ ግድግዳ ከታች እየተላጠ አስቸገረኝ፣ ጠንከር ያለ ዘይት ቀለም ስጠኝ» አሉ። ሻጩ ጋሎኑን ሊያወርድ ሲል አጠገባቸው የቆመ ቀለም ቀቢ ከኪሱ የነጭ ፌስታል ቁራጭ አወጣ። «እማማ፣ መጀመሪያ ይህን ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው አንድ ቀንና ሌሊት ይተዉት። በግድግዳው በኩል ውሃ ካቋጠረ ቀለም አይግዙ።»

ይህ ምክር የስንቱን ገንዘብ ባዳነ! ዘይት ቀለም ትነት አያሳልፍም፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል። መድኃኒቱ ያለው ደጅ ነው፦ የሚያፈስ አሸንዳ መጠገን፣ ግድግዳ ሥር የተከመረ አፈር ማንሳት። ሻጋታ ካለ መስኮት ከፍቶ፣ 1 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ በጥብጦ ማጠብ። በደንብ ሲደርቅ የላላውን መፋቅ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ አቧራውን መጥረግ፣ ከዚያ ውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ። አዲስ ልስን ከሆነ 4 ሳምንት ይጠበቅ።

መጠኑን ለሚጠይቅ፦ 3 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 የሆነ ክፍል ግድግዳው በርና መስኮቱ ሲቀነስ 35 ካሬ ገደማ ነው። 1 ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለቱም ዙር 7 ሊትር ግድም ይፈልጋል።

ጅማ ላይ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ ግድግዳ ሳይደርቅ ለእንቁጣጣሽ እንቀባለን። እባካችሁ፣ የሚላጥ ግድግዳ ያላችሁ ኅዳርን ጠብቁ። ቤቱ የጭቃ ከሆነማ ዘይት ቀለም ጭራሽ አታስነኩት።