ለቀርከሃው አምስት ዓመት፣ ለእኔ ስድስት ወር

«ስንት ዓመት ትቆያለህ?» አሉኝ ሴንሴይ፣ ገና በሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ። (ሴንሴይ መምህር ማለት ነው፤ የእኔው የቀርከሃ ዋሽንት ሠሪ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም።) ጥገኝነት ጠይቄ መልስ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ ወረቀቴ በየስድስት ወሩ ነው የሚታደሰው። «ስድስት ወር» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «በስድስት ወር ቀርከሃው እንኳ አይደርቅም» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እምቢ ማለታቸው ነው ብዬ ጫማዬን መልሼ ላጠልቅ ስል ሁለት ስኒ ሻይ ይዘው መጡ።

የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ወረዳ ነው፤ ጃፓን ያለን ሐበሾች ብዙዎቻችን እዚያ አካባቢ ነን። ሥራዬ ትንሽ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ያደግኩት ግን እንጅባራ አጠገብ ነው። አዊን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አጥሩም ወንበሩም አልጋውም ቀርከሃ ነው። ከብት ስጠብቅ ለአንድ ዋሽንት አንድ ከሰዓት ይበቃኝ ነበር። ብረቱን እሳት ውስጥ ማስገባት፣ በጣት መለካት፣ አራት ቀዳዳ መብሳት፣ ከብቱ ወደ ቤት ሳይዞር መንፋት። ድምፁ ካላማረኝ እጥለዋለሁ፤ ነገም ቀርከሃ አለ። ፋብሪካ ውስጥም የተጣለ የፕላስቲክ ቱቦ በስቼ በእረፍት ሰዓት ስነፋ የሰማ አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ ነው እጄን ይዞ ሴንሴይ ጋ የወሰደኝ።

እሳቸው የሚሠሩት ሻኩሃቺ የሚባለውን የጃፓን ዋሽንት ነው። ስሙ ራሱ ቁመቱ ነው። ሻኩ እንደኛ ክንድና ስንዝር ያለ የድሮ መለኪያ ሆኖ ከ30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሃቺ ስምንት ነው። አንድ ሻኩ ከስምንት አስረኛ፣ ማለትም 54.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከፊት አራት፣ ከኋላ ለአውራ ጣት አንድ፣ በድምሩ አምስት ቀዳዳ አለው። ድሮ ኮሙሶ የሚባሉ መነኮሳት ፊታቸውን የሚሸፍን ቅርጫት ደፍተው እየነፉ ይለምኑበት ነበር። ይህን ሲነግሩኝ የቆሎ ተማሪ በዓይኔ መጣ፣ አኩፋዳውን ራሱ ላይ የደፋ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ሥርዓታቸውን ሲሽረው መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ዋሽንቱ ተረፈ።

እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ ቺባ ወደሚገኝ የቀርከሃ ጫካ ወሰዱኝ። የሚቆረጠው በብርዱ ወራት ነው፣ ውሃው ከግንዱ ሲቀንስ። እኔ መጋዝ ይዤ ቀረብኩ፤ እሳቸው ዶማ አቀበሉኝ። እኛ አገር ከመሬት በላይ ያለውን ቆርጠን እንሄዳለን፤ እዚህ የሚፈለገው ከመሬት በታች ያለው ነው፤ የሻኩሃቺ የታችኛው አፍ ከሥሩ ነው የሚወጣው። ውፍረቱ ልክ መሆን አለበት፣ ሰባቱ አንጓዎችም በየቦታቸው መዋል አለባቸው። ሴንሴይ መለኪያ ዘንግ ይዘው በየቀርከሃው ሥር ጎንበስ ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያልፋሉ። ቀኑን ሙሉ ቆፍረን ሦስት ይዘን ተመለስን። ወገቤ ለሳምንት አልተቃናም።

ቀጥሎ እሳት። ቀርከሃውን ከሰል ፍም ላይ ስታገላብጠው ዘይቱ እንደ ላብ ፊቱ ላይ ችፍ ይላል፤ ቶሎ በጨርቅ ትጠርገዋለህ። ሽታው አሻሮ ሲታመስ ያለውን ይመስላል፤ እኔ ሥራዬን ትቼ እሱን ሳሸት ሴንሴይ ጮኹብኝ፣ ጫፉ ሊያርር ነበር። ከዚያ አረንጓዴው ነጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ወደ ቆጥ። አንዳንዱ ሠሪ ሦስት ዓመት ካስቀመጠው ይበቃዋል፤ ሴንሴይ አምስት ሳይሞላው አይነኩም። በየቀርከሃው ላይ የተቆረጠበት ዓመት ተጽፏል። ከሦስቱ በአንዱ ላይ ስሜን እንድጽፍ እስክሪብቶ ሰጡኝ፤ በአማርኛ ጻፍኩት። ቆጡ ላይ ስሰቅለው የመጣብኝ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ቀርከሃው ከእኔ የረዘመ ፈቃድ አለው።

የእኔ እስኪደርስ መለማመጃ ብለው አንጓው የተዛነፈ አሮጌ ቀርከሃ ሰጡኝ። ውስጡን በረጅም ሞረድ ሞረድኩ፤ ቀዳዳዎቹን በሳሁ፤ የሚነፋበትን ጠርዝ ወደ ውጭ አዘቅዝቄ ቆረጥኩ። ጠርዙ እንዳይሸራረፍ የጎሽ ቀንድ ይገባበታል። አገሬ ላይ ቀንድ ለዋንጫ ነበር የማውቀው። ከዚያ ውስጡ በድንጋይ ዱቄትና ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ በተለወሰ ሊጥ ይለሰናል።

ስለ ኡሩሺ አስጠንቅቀውኝ ነበር። «ጓንት!» አሉኝ። ጓንቱን አደረግኩ፣ በጓንቱ ግንባሬን ጠረግኩ። በማግስቱ ዓይኔ አልገለጥ አለ፤ ፊቴ እንደ ድፎ ተነፋ። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ሸሸኝ። እሑድ ያዩኝ አንዲት የአገሬ እናት «ልጄ፣ የሰው ዓይን ነው» ብለው ጠበል እንድጠመቅ መከሩኝ። ዛፉ የማንጎ ዘመድ ነው ብላቸው ደግሞ ማንጎ መብላት ያቆማሉ ብዬ ዝም አልኩ። ሴንሴይ ሲያዩኝ ሳቁ፤ እሳቸውም ወጣት ሳሉ እንዲሁ ሆነው ነበር። ያልገባኝ ሌላው ነገር፣ ይህ ሙጫ ፀሐይ ላይ አይደርቅም። እርጥብ ሣጥን ውስጥ ነው የሚደርቀው።

ድምፅ ማስተካከሉ ከሁሉ ይከብዳል። አንዱ ድምፅ ሲደክም ሴንሴይ እርጥብ የጋዜጣ ቁራጭ ውስጡ ይለጥፋሉ፣ ይነፋሉ፣ ትንሽ ወረድ አድርገው እንደገና። ድምፁ የጠራበት ቦታ ላይ ሊጥ ይጨመራል። የወረቀት ውፍረት ነው የሚለየው።

መንፋቱም አስቸግሮኝ ነበር፤ ዋሽንት በአፍ ጥግ ገደድ አድርጎ የለመደ ከንፈር ቀጥ በል ሲሉት ያምፃል። ሲገዛልኝ ቀዳዳዎቹን ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ። ከፋ ተነሥቼ ወደ ላይኛው ሬ ስሄድ ጣቴ ቆመ። ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፤ የትዝታ ቅኝት ነው። ሜጀሩ ትዝታ፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ። አንዲት እረኛ ሳለሁ የምነፋት ዜማ ወጣችልኝ። የሴንሴይ ባለቤት ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «ይሄማ ኤንካ ነው፣ የየት አገር ኤንካ ነው?» አሉ። ኤንካ የእነሱ የድሮ የናፍቆት ዘፈን ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱም በአምስት ድምፅ ነው የሚዘፈነው። የጎጃም ነው አልኳቸው። ጎጃም የት እንዳለ ለማስረዳት ካርታ ወጣ፣ ካርታው ላይ ሩዝ ፈሰሰ፣ ማታው በዚያ አለፈ።

አሥረኛውን ወረቀቴን ያሳደስኩ ቀን ከዚያው በቀጥታ ሴንሴይ ጋ ሄድኩ። መሰላል አስደግፌ ስሜ ያለበትን ቀርከሃ አወረድኩት። በጥፍራቸው ቆረቆሩት፣ ጆሯቸው ሥር አድርገው አዳመጡ፣ በእጃቸው መዘኑት። «ገና ነው» አሉ። መልሼ ሰቀልኩት።