ሌላ በሽታ ስጠኝ ብዬ ጸለይኩ

ካንሰሩ አሁንም አለ። ማንም እንዳይሳሳት ይህን ቀድሜ ልናገር። ከጡቴ ተነስቶ አከርካሪዬና ዳሌዬ ላይ ደርሷል። ሐኪሞቹ የሚሠሩት ባለበት እንዲቆይ ነው። እኔ የምመሰክረው ስለ ጉበቴ ነው። ያን ሌሊት "ካወጣሽኝ ለሰው እናገራለሁ" ብዬ ለእመቤቴ ተስያለሁና ስለቴን ላግባ። እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን፤ እናቱ ድንግል ማርያምም የተመሰገነች ትሁን።

ፓክሊታክሴል የሚባል ኬሞ በየሳምንቱ እወስድ ነበር። ከእሱ በፊት አለርጂ እንዳይቀሰቅስብኝ ዴክሳሜታሶን ይሰጡኛል። ኬሞ ከመሰጠቱ በፊት ሁሌ ደም ይታያል። ኬሞ የሚወስድ ሰው ይህን ወረቀት ያውቀዋል። መጀመሪያ የደም ሴል፣ ቀጥሎ ኩላሊት፣ ከዚያ ጉበት። የጉበቱ ላይ ኤ.ኤል.ቲ. እና ኤ.ኤስ.ቲ. የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ቦታቸው ጉበት ሴል ውስጥ ነው፤ ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳሉ። ኤ.ኤል.ቲ. እስከ 40 ገደማ ከሆነ ደህና ነው ይባላል። የኔ ሁሌ ከዚያ በታች ነበር። አንድ ቀን 86 ሆነ። "ኬሞው ነው፣ ያጋጥማል" ተባልኩ። እውነት ነው፣ ያጋጥማል። ከዚያ በኋላ ግን 612 መጣ።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየችና ዝም አለች። እኔ ደግሞ የሐኪም ዝምታ ማንበብ ተምሬያለሁ። "ኬሞው ይቁም" አለች። አልትራሳውንድ ታዘዘልኝ። ያነሳኝ ሰው አንድ ቦታ ላይ ማሽኑን ደጋግሞ አዞረው። ጉበቴ ላይ አንዲት ትንሽ ጥላ አለች፣ በሲቲ ስካን ትጣራ ብሎ ጻፈ። ሲቲውን ዓርብ ተነሳሁ። ንባቡ ለሰኞ ተባለ።

እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ሰው ላመስግን። ዓርብ ዕለት ከሰዓት፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲጣደፍ፣ አንድ ወጣት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረ የሚሠራ ሐኪም፣ ካርዴን ይዞ መጣ። ቁጭ አለ። መቀመጡ ራሱ ገረመኝ። "እናቴ፣ ከቤተሰብዎ በጉበት የታመመ ሰው አለ?" አለኝ። እናቱ እንኳ አልሆንም፣ ግን ደስ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ ሆዱ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ እንደሞተ ነገርኩት። "ምን ነበር ተባለ?" አለ። ምን ልበለው? እኛ ቤት መድኃኒት አብልተውት ነው ሲባል ነው የኖረው። በሚስቱ ወገኖች ነበር የሚታማው። ልጁ አልሳቀብኝም። ራሱ ደም ቀዳና ይዞ ሄደ። ስሙን ጽፌ ላመሰግነው ፈልጌ ነበር፤ እሱ አልፈለገም። በሄደበት ሁሉ እግዚአብሔር ይቅደምለት።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልምጣ።

የጽጌ ሰሞን ነበር፣ ቅዳሜ ሌሊት። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ ስለነበር ስልኩ አይሠራም። መብራት ጠፍቷል። ልጄ አጠገቤ ተኝታለች። ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ መዳፌን፣ እግሬን፣ ጀርባዬን። እያከክሁ ልጄን እንዳልቀሰቅሳት ተነሳሁና በስልኬ መብራት መስታወት ፊት ቆምኩ። የዓይኔ ነጩ እንደ እርድ ሆኗል። ቀን ላይ "መብራቱ ነው" ብዬ ራሴን ሳታልል ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ግን የማታለያ ቦታ አጣሁ።

እናቴ ቀን ላይ አይታኝ "ይሄማ የወፍ በሽታ ነው" ብላለች። ጎረቤታችንም የወፍ መድኃኒት በሃይላንድ ቀድታ አምጥታልኛለች። የወንድሟን ልጅ ያዳነው እሱ ነው አሉ። ዶክተሯ ደግሞ ሳታማክሪኝ ፓራሲታሞል እንኳ እንዳትውጪ ብላለች። ሃይላንዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የስልኬ መብራት ሲያርፍበት አረንጓዴ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሌሊት ብዙ ጊዜ አየሁት። አልጠጣሁትም። ጉብዝና እንዳይመስላችሁ፤ ማቅለሽለሹ ራሱ አላስጠጋኝም።

ከሰፈራችን ማርያም ማኅሌቱ ይሰማል። ቅዳሜ ሌሊት ነውና ካህናቱ ቆመው ያድራሉ። ጤነኛ ሳለሁ የጽጌ ማኅሌት አያመልጠኝም ነበር፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ ጋር አድራለሁ። ያን ሌሊት ግን ድምፅ ማጉያው አናደደኝ። ትራስ ጆሮዬ ላይ ጫንኩ። ከበሮው በትራሱ ውስጥ አልፎ ይመጣል።

ከዚያ የተናገርኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ምስክርነት ከሆነ ይጻፍ። "ጡቴን ወሰድክ። ፀጉሬን ወሰድክ። አጥንቴን ሰጠሁህ። አሁን ጉበቴን? ምን ቀረህ?" አልኩት። እመቤቴንም አልማርኳት። ማኅሌቱ የስደቷ ነው፤ ልጇን አዝላ ግብፅ መውረዷ። "አንቺ ስትሰደጂ ልጅሽን ይዘሽ ነው። እኔ የምሄድበት ልጄ አትከተለኝም። ምኑ ነው የሚገባሽ?" አልኩ። እንዲህ ብዬ ተናገርኳት። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም። ተናድጄ ነበር። ነቢዩ ኤርምያስ እንኳ በሰቆቃው ጉበቱ ምድር ላይ እንደፈሰሰ ይናገራል። እኔ ያን ሌሊት የሱን ያህል ቋንቋ አልነበረኝም።

አስመለሰኝ። እናቴ ሰምታ መጣች። ጀርባዬን እያሸች "በስመ አብ፣ በስመ አብ" ትላለች። ምንም አልጠየቀችኝም። ወለሉ ላይ ተቀመጥን፣ ሁለታችንም። እሷ ውዳሴ ማርያሟን ጀመረች፤ በቃሏ ነው የምታውቀው። እኔ አፌ አልከፈት አለ። ሳላስበው ግን ዳዊት መጣልኝ፦ "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" ሌላው ጠፋኝ። እሷን ብቻ ደጋገምኩ። እስከ መቼ። እስከ መቼ።

ከሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም፣ ቁጣው ደከመው። ያን ጊዜ ነው የጸለይኩት። ከካንሰር ፈውሰኝ ማለት አቃተኝ፤ ብዙ ጊዜ ለምኜ ስለነበር እምነቱም አልነበረኝም። "ጌታዬ፣ ጉበቴ ላይ ያለው ካንሰሩ አይሁን። ሌላ በሽታ ይሁን። ስም ያለው፣ መድኃኒት ያለው በሽታ። ሌላ ስጠኝ፣ እችለዋለሁ" አልኩት። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ። እናቴ ውዳሴዋን አቋርጣ "ምን አልሽ አንቺ?" አለችኝ። በሽታ ይለመናል እንዴ? ሳቅ መጣብኝ። እሷም ሳቀች። ሁለት ሴቶች በጨለማ ወለል ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ልጄ ነቃች። ውጭ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ይላሉ።

ሰኞ ዕለት ሁለቱም ውጤቶች መጡ። ጥላዋ ሄማንጂዮማ ናት፤ የደም ስሮች ጥቅል፣ ካንሰር ያልሆነች፣ ምናልባት ስወለድ ጀምሮ ያለች። ደሜ ውስጥ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘ። ዶክተሯ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ይህ ቫይረስ ብዙ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ወይም በልጅነት ይተላለፋል። ጉበት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ለዓመታት ይኖራል። ኬሞውና ዴክሳሜታሶኑ የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክሙ ይነሳል። ከኬሞ በፊት መመርመር የነበረበትም ለዚህ ነው። እኔ ዘንድ ለምን እንዳልተመረመረ ጠየቅኩ፤ በቂ መልስ አላገኘሁም። ቅር ብሎኛል፤ አልደብቅም። እናንተ ግን ኬሞ ልትጀምሩ ከሆነ "ሄፓታይተስ ቢ ታይቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም።

ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ ስደውልላት ጮኸች። "እንኳን ደስ ያለሽ! ቫይረስ ነው!" ሰው በቫይረስ እንኳን ደስ ያለሽ ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ከመሄዷ በፊት ሜዲካል ስትሠራ ታይቶላት ነጻ ናት። የሲቲውን ገንዘብ የላከችው እሷ ነች። የሰው ቤት አጽድታ ያገኘችውን። እህቴ፣ እግዚአብሔር በእጥፍ ይመልስልሽ።

ቴኖፎቪር ጀመርኩ፣ በቀን አንድ ፍሬ። ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ሰዎች በሚሰጠው መድኃኒት ውስጥም ስላለ ፋርማሲ ላይ ሰው በሌላ ዓይን ያየኛል። ለምጄዋለሁ። የጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች ለሄፓታይተስ ቢ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ይሰጡት እንደነበር በኋላ ሰማሁ። የንስሐ አባቴን ጸበሉን ላቁም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። "ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። የጽጌን ጾም ግን ፈትቼሻለሁ" አሉኝ። አቡነ ጳውሎስም በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ሁለቱ አብረው ይወሰዱ ብለው ነበር። አባቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

መጀመሪያ የኤ.ኤል.ቲ. ቁጥሩ ጨመረ። ከ700 አለፈ። ዶክተሯ ግን ደምሽ በጊዜው ይረጋል፣ ጉበትሽ ሥራውን አልተወም አለችኝ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ሚካኤል አለፈ፣ ገና ደረሰ። 240። 95። 38።

38 ያለውን ወረቀት ላብራቶሪው በር ላይ ቆሜ ሳምኩት። ጥበቃው "ሎተሪ ደረሰሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ከጥምቀት በኋላ ኬሞው ቀጠለ። ባቆምኩበት ጊዜ ወገቤ ብሶብኝ ነበር፤ የተከፈለ ዋጋ አለ። ቤተሰቡ ሁሉ ተመረመረ። ባለቤቴ ነጻ ነው፤ ክትባቱን ጀምሯል። ልጄ በሕፃንነቷ ተከትባለች፣ እሷም ነጻ ናት። እናቴ ግን ቫይረሱ አለባት፤ የጉበት ኢንዛይሟ ደህና ነው፤ ክትትል ብቻ ይበቃታል ተባለ። ከእሷ ወደ እኔ መተላለፉ ሲገባት "እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ" ብላ አለቀሰች። "እማዬ፣ አንቺንም የሰጠሽ ሰው አለ፣ እሱም አያውቅም" አልኳት። ወንድሜ ሳይመረመር ስለሞተ በምን እንደሞተ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። እናቴ ግን ያን ሰሞን ስልኬን ተቀብላ ለሚስቱ ደወለች። ስንት ዓመት ተኮራርፈው ነበር። ጓዳ ገብታ ነው ያወራቻት፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። ለፋሲካ ግን ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ቤታችን መጥታ ነበር።

እመቤቴን ስለ ተናገርኳት ነገር ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። "ሰምታሻለች" አሉኝ፣ ሌላ አልጨመሩም። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ ወገቤን አስበው መሰለኝ ተዉት።

ሃይላንዱን ለጎረቤቴ መለስኩላት። አልተቀየመችም፤ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ለማን እንደሰጠችው ጠይቄ ያንን ሰው ሐኪም ቤት ይዤው ሄጃለሁ።

አሁንም በየጊዜው ለምርመራ ደም እሰጣለሁ፤ የሚቀጥለው ረቡዕ ነው። በጸሎታችሁ ወለተ ማርያም ብላችሁ አስቡኝ። ያን ሬዚደንትም አስቡልኝ፤ የክርስትና ስሙን ስለማላውቀው "የጠየቀው ልጅ" በሉት።