ሐኪሟ ጆሮዬን ለምን አየችው?

ሁለት ልጅ አጥብቻለሁ። ትንሹ ጡት ከተወ በኋላ መስታወት ፊት ስቆም የጡቴ ጫፍ ቁልቁል ነበር የሚያየው። ባለቤቴ «ምንም አልሆንሽም» ይለኛል። እኔ ግን ቤት ውስጥ እንኳ ያለ ጡት መያዣ መንቀሳቀስ ጠልቼ ነበር። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ አበሻ ሴቶች ስንገናኝ ስለ ፀጉርም ስለ ኪሎም እንደ ልባችን እናወራለን፤ በዚህ ጉዳይ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔም የወረደ ጡት ስለሚያነሳው ቀዶ ሕክምና ጥያቄዎቼን ስልኬ ላይ ጽፌ ከአንዲት ሐኪም ጋር ብቻዬን ቀጠሮ ያዝኩ።

አንደኛው «ማጥባቴ ነው እንዲህ ያደረገኝ?» የሚል ነበር። አይደለም አለችኝ። እርግዝናው ራሱ፣ ዕድሜ፣ የኪሎ መውጣትና መውረድ፣ ሲጋራ ናቸው የሚያላሉት። ስንት ጊዜ በልቤ ልጆቼን ስወቅስ ኖሬያለሁ!

«ይተልቃል ወይ?» አይተልቅም። የተረፈው ቆዳ ተቆርጦ ይወጣል፣ ጡቱ ቅርጽ ይይዛል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ በቃ። መጠን የፈለገች ሲሊኮን ታስጨምራለች፤ እሱ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ወጪ ነው። እኔ አልጨመርኩም።

ጠባሳ ላይ ስንደርስ ሐኪሟ ጠጋ ብላ ጆሮዬን አየችው። ጆሮዬን! ድሮ ሁለተኛ ቀዳዳ ያስበሳሁ ጊዜ ሽንብራ የምታህል እብጠት ወጥታ እዚያው ቀርታለች። ኪሎይድ ይባላል፤ ጠባሳ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ሲያድግ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። የጡቴም ጠባሳ እንዲሁ ሊያድግ ይችል እንደሆነ ነበር የምታየው። ከዚያ የምትቆርጥበትን ወረቀት ላይ ሳለችልኝ፦ በጫፉ ዙሪያ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ከሥር ደግሞ በእጥፋቱ በኩል። መልህቅ ይመስላል። ይደበዝዛል እንጂ አይጠፋም አለች። የእኔን የመሰለ ቆዳ ያላቸው ታካሚዎቿን ፎቶ ካላየሁ አልወስንም አልኳት። አሳየችኝ። አብዛኛው ከዓመት በኋላ ቀጭን መስመር ነው። አንዷ ላይ ግን ወፍሮ ቀርቷል። ያንንም ሳትደብቅ ስላሳየችኝ ነው ያመንኳት።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስባል የለም አልኩ። አስፕሪን የለ፣ አይቡፕሮፌን የለ። ቀኑ ሲቃረብ ነርሷ የዕፅዋት ዝርዝር እያነበበችልኝ «ፌኑግሪክ» አለች። ምንድን ነው ስላት ፎቶ አወጣች። አብሽ! ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ የምጠጣው አብሽ! ለእኔ ምግብ ነው፤ ለእነሱ የደም መርጋትን ሊያዘገይ የሚችል ነገር። ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ተገፋ፤ ከሥራ የወሰድኩት ፈቃድም ከንቱ ቀረ። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በክኒን የምትወስዱ ካላችሁ ተናገሩ።

ወጪው ከኪሴ ነው፤ ኢንሹራንሴ ለውበት ነው ብሎ አይከፍልም። መጀመሪያ የተነገረኝ ዋጋ የሐኪሟ ብቻ ነበር። የማደንዘዣውና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሒሳብ ለብቻው መጣ። ደንግጬ ነበር።

ሕመሙ ከፈራሁት አነሰ። የከበደኝ ትንሹን አለማቀፍ ነው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ እጁን ዘርግቶ «እማ፣ እቀፊኝ» ይላል። ሶፋው ላይ ቁጭ እልና ራሱ ተንጠላጥሎ አጠገቤ እንዲወጣ አስተማርኩት። አክስቴ ከቨርጂኒያ ገንፎ ይዛ መጣች። «እንግዲህ አራስ ነሽ» ብላ ስትስቅ እኔንም አሳቀችኝ፤ ስፌቱ ግን ጎተተኝ። ለሳምንታት በጀርባዬ ተኛሁ፣ የሕክምናውን ጡት መያዣ ሌት ተቀን አደረግሁ። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ጠባሳው ላይ የሲሊኮን ፕላስተር መለጠፍ ጀመርኩ። የግራው ጫፍ ሦስት ወር ያህል ደንዝዞ ቆይቶ ተመለሰልኝ። የማይመለስላትም አለች፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ቡና ልጠጣ ብላ መጣችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለዚሁ ጠየቀችኝ። «ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ?» አልኳት። «ምናልባት።» እንግዲያው ቆይ አልኳት። እርግዝና መልሶ ያወርደዋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደግሞ ብዙዎች ማጥባት ቢችሉም ወተቱ ሊያንስ ይችላል።

«እሺ፣ ጠባሳውን ግን አሳዪኝ» አለች። ጀበናውን አወረድኩና መኝታ ቤት ገብተን በሩን ቆለፍን።