አክስቴና የቪዛው ወሬ

ዛሬ ፈረንጅ አራዳ ቡና ይዘን የቪዛ ወሬ ተነሳ። አክስቴ ከጀርመን ለእረፍት ጅማ ከገባች ሳምንት አልሞላትም። ስልኳ ግን አያርፍም። እዚያ ያሉት ሐበሾች አንድ ዜና ከወጣ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጩ ይውላሉ።

ለልጇ ሠርግ እናቴን ልታስመጣት አስባለች። ችግሩ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ ለእኛ ጀርመንን ጨምሮ ወደ አብዛኛው አውሮፓ የሚያስገባውን የሸንገን ቪዛ ውሳኔ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዝሞታል። ተመላልሶ የሚያስገባውንም ቪዛ አቁሟል። ምክንያታቸው መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ አልተባበረም የሚል ነው።

«ታዲያ ፀባቸው ከመንግሥት ጋር ከሆነ እህቴ ምን አጠፋች?» አለች፣ ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ። እኔም መልስ የለኝም።

ሳውዲ የቤት ሹፌር የነበረው ጎረቤታችን ሳቀ።

«እትዬ፣ እናንተ የምትጨነቁት ለመግባት ነው። እኛ ለመውጣትም አሠሪ እንለምን ነበር።»

እውነቱን ነው። በ2013 ሳውዲ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ እንዲወጡ ስትፈቅድ፣ የቤት ሠራተኛና የቤት ሹፌር አልተካተቱም። ያን ቀን ዜናውን ሰምተው መጀመሪያ እልል ብለው ነበር አሉ።

አክስቴ ግን ወይ ፍንክች። ነገ የግብዣ ደብዳቤውን ትጽፋለች። የእናቴን የባንክ ስቴትመንት ማስወጣት የእኔ ሥራ ሆኗል።