ሻንጣ ላይ ቁጭ ብሎ ጉዞ

ቻይና፣ ጓንግዡ ያደርንበት ሆቴል ለኤርፖርቱ ቅርብ ነው ተብለን ነበር። ታክሲው ሲዞር ሲዞር ቆይቶ አደረሰን፤ ከተስማማነው በላይም ተቀበለን። የክፍሉ አየር ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ አደረ። ጠዋት ፊቴ አይፈታም ነበር።

በዚህ ላይ የአክስቴ ልጅ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ መጣች። ሞተር ያለው ሻንጣ ነው። መያዣውን ጨብጠህ በአውራ ጣትህ ጫን ስታደርገው ይሄዳል። ቻይና ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ኤርፖርቱ ውስጥ ልጆች እንደ ልባቸው ሲነዱት አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ አንተም ሞክረው እንጂ!» አለችኝ።

አመሰግናለሁ፣ እግር አለኝ።

ቼክ ኢን ላይ ወረፋው በእሷ ምክንያት ቆመ። ሻንጣው ባዶውን 7 ኪሎ ስለሚያልፍ እንደ እጅ ሻንጣ አላለፈም። ከጭነት ጋር እንዲገባ ደግሞ ባትሪው መነቀል አለበት። ሊትየም ነው፤ ካቢን ውስጥ ቢጨስ ሰው ቶሎ ይደርስበታል፣ ታች ግን ማን ያየዋል? በእጅ የሚያዘውም ከ100 ዋት-አወር (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) ካልበለጠ ነው፤ ከዚያ እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። የእሷ 73 ሆኖ ተገኘና ተነፈስን። ባትሪው የማይነቀል ሻንጣ የገዛ ሰው እዚያው ጥሎት ይሄዳል።

በረራው ደህና ነበር። ጃፓን፣ ኦሳካ፣ ካንሳይ ኤርፖርት ወረድን። ባሕር ሞልተው በሠሩት ደሴት ላይ ያለ፣ በ1994 የተከፈተ ኤርፖርት ነው። ዋናው ተርሚናል ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። ሻንጣዋን ተቀበለች፣ ባትሪውን ከተተች፣ ነካችው!

የመርካቶ ኩሊ የቱንም ያህል ቢቸኩል «ገለል በሉ!» እያለ ነው የሚያልፈው። ይሄ ነገር ግን ድምፅ የለውም። ከኋላ ይመጣል፤ ነጂው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ቶሎ ዓይን ውስጥ አይገባም። በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ አሉ፤ ከእግረኛ እጥፍ ይበልጣል። አንዲት አሮጊት የበረራ ሰሌዳውን ለማየት ድንገት ቆሙ። ለጥቂት ሳተቻቸው። ደንግጠው ቦርሳቸውን ጣሉ።

አንዲት ሠራተኛ ሮጣ መጣች። እኔ ቁጣ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና በሁለት ጣቶቿ መዳፏ ላይ የሚራመድ ሰው ሠርታ አሳየችን። የአሮጊቷን ቦርሳ አነሳችላቸው፤ እኛንም ባቡር ትኬት መቁረጫው ድረስ ሸኘችን። ያን ቀን ያየሁት ደግ ሰው እሷ ናት።

ጃፓን በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። መንገድ ላይ ከወጣ እንደ ትንሽ ሞተር ሳይክል ነው የሚቆጠረው፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሄልሜት፣ ታርጋ ይፈልጋል። በ2024 እዚሁ ኦሳካ የእግረኛ መንገድ ላይ የነዳች የውጭ አገር ተማሪ ጉዳይዋ ለዐቃቤ ሕግ ተመርቷል። ካንሳይም ሆነ ናጎያ አጠገብ ያለው ቹቡ ኤርፖርት መንገደኛ ሕንፃው ውስጥ እንዳይነዳው ይጠይቃሉ። ባቡሩ ላይ ይህን ሁሉ ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አለች።

ሻጩ ጓንግዡ ነው ያለው።

ኦሳካ ከተማ ውስጥ እስካለው ናምባ ጣቢያ ለአንድ ሰው 970 የን ከፈልን። ከጣቢያው እስከ ሆቴሉ ያንን ሻንጣ እየጎተተች ሄደች። ሞተሩ ካልሠራ ክብደቱ አይጣል ነው።

«ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ አግዘኝ» አለች።

የራሴ ሻንጣ ነበረብኝ።