ማተሚያ ቤቱን ማስረከብ

አራት ኪሎ አካባቢ ለዓመታት የመራሁትን አነስተኛ ማተሚያ ቤት ለሠራተኞቹ ሸጬ መውጣቴን የሰሙ ወዳጆቼ፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከሰርክ እንዴ?» ብለው ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። በከተማችን አንድ ሰው በገዛ እጁ ካቋቋመው ንግድ የሚለየው ሲከስር፣ ሲታመም፣ ቤቱ ሲፈርስበት ወይም ሲሞት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ሥራው በደህና እየሄደ ባለቤቱ ሲወጣ ከጀርባው የተደበቀ ነገር ያለ ይመስላል። እኔ ግን ከንግድ መውጣት እንደ መጀመር ሁሉ የሥራው አካል ነው ባይ ነኝ። ባለቤቱ ከሌለ አንድ ወር መቆም የማይችል ንግድ ሊሸጥም ሊወረስም የሚችል ሀብት አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱን የቀጠረበት ሥራ ነው። ይህን የምለው በማተሚያ ቤት ካየሁት ተነሥቼ ስለሆነ፣ የማቀርበው ዝርዝርም የማተሚያ ቤት ነው።

ስጀምር የያዝኩት ገንዘብ የእቁብ ዕጣና ከዘመድ የተበደርኩት ነበር። ባንኮች በዚያን ጊዜ ለመያዣ የሚጠይቁት ቤት ወይም መኪና ስለነበረ፣ የምገዛውን ማሽን ራሱን አስይዤ ልበደር ማለት እንደ ቀልድ ይቆጠር ነበር። ማሽንንና የንግድ ዕቃን በዋስትና ለማስያዝ የሚያስችለው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ እኔንም የጠቀመኝ ስገባ ሳይሆን ስወጣ ነው። ስለዚህ አቅሜ የፈቀደው ያገለገለ ባለ አንድ ቀለም ሃይደልበርግ ኦፍሴት ማሽን ሆነ። እንዲህ ያለው ማሽን ባለ ሙሉ ቀለም ሥራም ይሠራል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ለሲያን፣ ለማጀንታ፣ ለቢጫና ለጥቁር አራት ጊዜ ማለፍ፣ በየመሐሉም ፕሌቱ፣ ማለትም የሚታተመውን ምስል የሚይዘው ሰሌዳ፣ መቀየርና ቀለም የሚያስተላልፈው ሮለር መታጠብ ይኖርበታል። በዚህ አካሄድ ባለ ቀለም መጽሔት ለማተም መጫረት ትርፍ የሌለው ድካም ነው።

ማሽኑ ራሱ ገበያችንን መረጠልን ማለት ይቻላል። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት እዚያው አራት ኪሎ ጋዜጣና መጽሐፍ በብዛት ያትማል፤ በሌላው ጫፍ ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የፎቶ ኮፒ ቤቶች ተደርድረዋል። ለእኛ የቀረልን ለትልቁ ማተሚያ ቤት ያነሰ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ የበዛ ሥራ ነበር፤ ሌተርሄድ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የደረሰኝ ጥራዝ። ከእነዚህ ሁሉ በእግራችን ያቆመን ደረሰኙ ነው። ደረሰኝ ማተም ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበረ ማንም ማሽን ያለው ሰው ዘሎ አይገባበትም ነበር፤ ጥራዙ ያለቀበት ነጋዴም ወደ ለመደው ቤት ይመለስ ነበር። ውበት የሌለው፣ ማንም በፌስቡክ ገጹ የማያሳየው ሥራ ነው፤ ደሞዝ የሚከፈለው ግን በእሱ ነበር።

የማተሚያ ቤት ዓመት የራሱ ወቅቶች አሉት። ግንቦትና ሰኔ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ገንዘባቸውን ለመጠቀም የሚጣደፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይመጣሉ፤ በዚያው ላይ የምረቃ ሥራ ይደረባል። ነሐሴና ጳጉሜን የዘመን መለወጫ ካላንደር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት የሚጠብቁ ድርጅቶች አጀንዳ ያዛሉ። ጥር የሠርግ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የጥሪ ካርዱ ይቆምና ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ይነሣል። ችግሩ ገንዘብ የሚገባበት ወቅት ከሚወጣበት ጋር አለመግጠሙ ነው። የንግድ ፈቃድ እድሳቱም፣ የዓመቱ ግብርም ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራሉ፤ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ እስከ ጥቅምት 30 ቢታገሥለትም፣ ያ ጊዜ ለካላንደርና ለአጀንዳ ወረቀት በብዛት ከሚገዛበት ጊዜ ጋር ይጋጫል። ከደንበኛ የሰበሰብነውን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በሌላ የባንክ ሒሳብ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው። የእኛ ያልሆነ ገንዘብ በእኛ ሒሳብ ውስጥ ሲያድር ትርፍ ይመስላል፤ ብዙ ነጋዴ የሚወድቀውም ሥራ አጥቶ ሳይሆን ይህን ገንዘብ ወረቀት ገዝቶበት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲቀነስ፣ በኋላም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ የአንድ ሪም ዋጋ ጠዋትና ማታ የሚለያይበት ጊዜ መጣ። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ብልጠት ሳይሆን ለደንበኛው የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ፣ የፕሮፎርማው፣ የታችኛው መስመር ነው። ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸና፣ ቀብድ ካልተከፈለ ወረቀት እንደማይገዛ፣ ቀብዱም ቢያንስ የወረቀቱን ዋጋ እንደሚሸፍን እዚያ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት። ደንበኛው ያኮርፍ ይሆናል፤ ወረቀት ነጋዴው ግን ለማንም ኩርፊያ ዋጋ አይቀንስም።

ስለ መምራት ብዙ የተጻፈ ነገር አለ፤ አብዛኛው በእኛ ዓይነት ቤት አይሠራም። ማተሚያ ቤት ውስጥ እውነተኛው ሥልጣን ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የማሽኒስቱ ነው። የቀለሙንና የውኃውን ሚዛን የሚጠብቀው፣ ሮለሩ መድረቁን በድምፁ የሚያውቀው፣ ሥራው ለነገ ይደርሳል ወይም አይደርስም የሚለው እሱ ነው። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ትእዛዝ ብሰጥ ከመሳቂያነት አላልፍም ነበር። የባለቤቱ ድርሻ ሌላ ነው። ሥራ ማምጣት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ደሞዝ በቀኑ መክፈል፣ የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በወቅቱ ማስገባት። የመጨረሻውን ብዙዎች እንደ ትንሽ ነገር ያዩታል። ሠራተኛ ግን የጡረታ መዋጮው በትክክል መግባቱን ሲያረጋግጥ፣ ቤቱ ከባለቤቱ ስሜት በላይ በሆነ ደንብ እንደሚመራ ይገባዋል።

ለመልቀቅ ከሁሉ የሚከብደው የዋጋ ሥልጣን ነው። በብዙ ቤቶች ደንበኛ ገብቶ «አንድ ሺህ ካርድ ስንት ነው?» ሲል የሚሰጠው መልስ «ጋሼ ይምጡና ይንገሩህ» የሚል ነው። ጋሼ ይህን ሥልጣን የሚይዙት በሁለት ምክንያት ይመስለኛል፤ አንደኛው ሠራተኛ በጎን ሥራ ይሠራብኛል የሚል ስጋት፣ ሁለተኛው፣ ማንም የማያምነው፣ መከራከሩ ራሱ ስለሚጣፍጣቸው ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ሰውን መጠበቅ አይደለም፤ ወረቀትን መጠበቅ ነው። የወረቀቱ፣ የፕሌቱ፣ የሕትመቱና የጥራዙ ወጪ ተደምሮ የወጣ የዋጋ ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ከዚያ በታች መውረድ እስከ ምን ድረስ እንደሚቻል እንግዳ ተቀባይዋም ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ሥራ የትእዛዝ ወረቀት ተከፍቶለት ስንት ሉህ ወረቀት እንደ ወጣና ለብክነት ስንት እንደ ተፈቀደ ይመዘገባል። የጎን ሥራ ካለ በወረቀቱ ቆጠራ ላይ ይታያል። ናሙናም ደንበኛው ሳይፈርምበት ፕሌት አይሠራም ነበር፤ የሠርግ ካርድ ላይ የሙሽራዋ አባት ስም በየትኛው «ሀ» ይጻፍ በሚል የሁለት ቤተሰብ ሽማግሌዎች የተከራከሩበትን ቀን ያየ ሰው ፊርማው ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም።

ይህ ሁሉ የተሠራው ቤቱን ለመሸጥ ታስቦ አልነበረም። የመሸጥ ሐሳብ ሲመጣ ግን የሚሸጠው ነገር ይኸው ሆኖ ተገኘ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የንግድ መደብር፣ ማለትም ሱቁ ብቻ ሳይሆን የንግዱ ጠቅላላ ሀብት፣ ዋናው አካል መልካም ዝና መሆኑን ይደነግግ ነበር፤ በገበያው ግን ደላላ የሚያሰላው ማሽኑንና ቦታውን ብቻ ነው። ቦታ ምን ያህል ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ አይተናል። በዚያ አካባቢ ለነበረ ሱቅ ቦታውን ለመረከብ «የቁልፍ» ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ከግድግዳው ጋር ሄደ፤ ደንበኛቸውን በስምና በስልክ መዝግበው የያዙት ግን ሌላ ሰፈር ሆነው መሥራት ቀጠሉ።

ለመውጣት የወሰንኩት ሥራው ከእኔ ዕድሜ የሚረዝም ውሳኔ በጠየቀ ጊዜ ነው። ዲጂታል ማተሚያ መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ለዓመታት የሚከፈል ብድር ማለት ነው። ያንን ብድር መሸከም ያለበት ወደፊት የሚሠራበት ሰው ነው። ልጆቼ ሌላ ሙያ አላቸው። ሳልወስን ብሞት ደግሞ የሚመጣው ይታወቃል፤ በግለሰብ ስም የወጣ ንግድ ፈቃድ ለሌላ አይተላለፍም፤ ወራሾች እስኪስማሙ ማሽኑ ይቆማል፤ ማሽኒስቱም ቤተሰቡን ለማብላት ሌላ ቤት ይቀጠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚከፋፈሉት ብረት ነው።

መንገዱ ሁለት ነበር፤ የንግድ መደብሩን እንዳለ መሸጥ ወይም ቤቱን ወደ ማኅበር ለውጦ ድርሻውን መሸጥ። ቀድሞ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ስለነበረ፣ ብዙ ሰው ሚስቱን ወይም የወንድሙን ልጅ ለስም ያህል ያስገባ ነበር፤ የስም አባሉ ኋላ እውነተኛ ባለመብት ሆኖ ሲመጣም የታየበት ጊዜ አለ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ባለ አንድ አባል ማኅበር ስለ ፈቀደ ይህ ጣጣ ቀርቷል። እኔም በዚሁ መሠረት ማኅበሩን አቋቁሜ፣ የቤት ኪራይ ውሉን በማኅበሩ ስም አሳድሼ፣ ድርሻውን ለሠራተኞቹ አስተላለፍኩ። የኪራዩ ውል መቅደም አለበት፤ አከራይ ከሽያጭ በኋላ የሚጠይቀው ዋጋ ከሽያጭ በፊት ከሚጠይቀው ጋር አይመሳሰልም።

ገዢዎች ሁልጊዜ ሊያዩት የሚገባ፣ ሻጮችም የማይናገሩት አንድ ዕዳ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት ሲተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ ስለዚህ የሠራተኛው የአገልግሎት ዘመን አብሮ ይተላለፋል። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚህ ሲሶ እየታከለበት እስከ 12 ወር ደሞዝ ሊደርስ ስለሚችል፣ ነባር ሠራተኞች ባሉበት ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። በእኛ ጉዳይ ከገዢዎቹ መካከል የማይቀላቀሉ ሁለት ሠራተኞች ስለነበሩ፣ ሊከፈላቸው የሚችለው ተሰልቶ ከመሸጫው ዋጋ ላይ ተቀነሰ።

የበለጠ ብር ያቀረበ ነጋዴ ነበር። እሱ የፈለገው ማሽኑንና ቦታውን ነው፤ ሠራተኞቹ ግን ደንበኛውን፣ የትእዛዝ መዝገቡንና የእርስ በርስ ልምዳቸውን ያውቁታል፤ ስለዚህ መልካም ዝናው ከማንም ይልቅ ለእነሱ ዋጋ ነበረው። ለእነሱ መሸጤን እንደ ቸርነት የሚያወሩልኝ አሉ፤ ሒሳብ ነው። ጥሬ ገንዘብ ስላልነበራቸው ክፍያው በየዓመቱ ከትርፍ የሚከፈል ሆነ፤ ለዚህም ማሽኑ በዋስትና ተይዞ፣ በአዋጅ 1147 መሠረት በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው የዋስትና መዝገብ ተመዘገበ። በሰፈሩ ተመሳሳይ ሥራ እንዳልከፍት የሚያግደኝ አንቀጽም በውሉ ገብቷል፤ እንዲገባ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ያለ እሱ ገዢ ሙሉ ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም።

ርክክቡ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። መጀመሪያ የቼክ ፊርማው ተቀየረ፤ ከዚያ እኔ ከሰዓት በኋላ ብቻ መግባት ጀመርኩ፤ ከዚያ ለምክር ሲጠሩኝ ብቻ። የሥራ ስልኩ ቁጥርና የቴሌግራም ገጹ ከሽያጩ ጋር ተላልፈዋል፤ ደንበኞች በግል ስልኬ ሲደውሉም ያንኑ ቁጥር እሰጣለሁ። የሚደውሉት አብዛኞቹ ቅናሽ ፈላጊዎች ናቸው። አዲሶቹ ባለቤቶች በመጀመሪያው የጥር ወር የሠርግ ካርድ ዋጋ ጨምረው ነበርና፣ የድሮው ደንበኛ እኔ ዘንድ ደውሎ «አንተ ብትኖር ይህን አታደርግም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላደርገውም ነበር። ካርዱን ግን በተጠየቀው ዋጋ አሳትሟል።