ልጅቷን ማን ያያታል?

ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ልቤ ከብዶኛል። በጾሙ አይደለም፤ ጾሙን እወደዋለሁ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል እዚህ አሜሪካ ነሐሴ እንዲህ ያደርገኛል። ሱቁ ሁሉ ደብተርና ቦርሳ ደርድሮ ሳይ፣ ሳልጨርሰው የተውኩት ነገር ያለ ይመስል ሆዴ ይባባል። ከቅዳሴ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ እትዬ ደወለች።

ትንሿን ልጇን ከትምህርት ቤት ልታወጣት ነው። ቤት አስተምራታለሁ ብላ ቆርጣለች። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። ስልኩን ስዘጋ ባሌ ከሶፋው ላይ ሆኖ «ምን ተምራ ነው የምታስተምራት?» አለ። በክፋት አልነበረም፤ ግን ቃሉ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ምን ተምራ? እትዬ አሥራ ሁለተኛን አልጨረሰችም። ትምህርቷን ያቋረጠችው እማዬ ስትታመም፣ እኛ ታናናሾቿ እንዳናቋርጥ ብላ ነው። የእኔ ዲግሪ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የእሷ ድካም የትኛው ወረቀት ላይ እንደሚጻፍ አላውቅም። ማታ ማታ ደብተሬን ተቀብላ፣ ራሷ ያልደረሰችበትን ክፍል ሒሳብ ከመጽሐፉ ምሳሌ ጋር እያመሳከረች የምታርመኝ እሷ ነበረች። ካልገባት «አስረጂኝ» ትለኛለች፤ ሳስረዳት ለራሴ ይገባኛል። ከዚያ የተሻለ አስተማሪ እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

እሷ ያለችበት ሜሪላንድ ወረቀቱን አይጠይቃትም። ከመጀመሯ 15 ቀን ቀድማ ማሳወቅ አለባት፤ ከእንግሊዝኛና ከሒሳብ እስከ ሙዚቃና ስፖርት ስምንት ትምህርት በወጉ ማስተማር አለባት። ልጅቷ የሠራችውን በፖርትፎሊዮ፣ ማለትም በሥራ ማኅደር፣ እያስቀመጠች ለካውንቲው፣ ለአካባቢው ትምህርት ቢሮ፣ ታሳያለች፤ እነሱም በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያዩት ይችላሉ። መንገዱን ተሻግራ ዋሽንግተን ዲሲ ብትኖር ግን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም አቻውን አምጪ ትባላለች፤ ከሌላት ማስተማር እንደምትችል አስረድታ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባታል። እኛ ጋ ቨርጂኒያ ደግሞ ማጠናቀቂያው ከአራት መንገዶች አንዱ ነው፤ እሱ ባይኖራት የምታስተምርበትን ሥርዓተ ትምህርት አቅርባ በሌላ በር መግባት ትችላለች። የግማሽ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት ያችው እናት እዚህ ብቁ ናት፣ እዚያ አጠራጣሪ ናት።

በ2025 ኢሊኖይ ውስጥ ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች እንዲያሳውቁ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያም እንዲኖራቸው የሚያዝ ረቂቅ ሕግ ሲቀርብ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ስፕሪንግፊልድ የሚገኘውን የምክር ቤት ሕንፃ አጥለቅልቀውት ነበር። ረቂቁም በዚያ ዓመት ሳይጸድቅ ቀረ። ያኔ ዜናውን ስከታተል ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ዛሬም አልገጠመም። የወረቀቱን ነገር እትዬን እያሰብኩ እቃወመዋለሁ። «አሳውቁ» የሚለውን ግን ለምን እንደሚቃወሙት ሊገባኝ አልቻለም። ልጄ የት እንደምትማር መንግሥት ቢያውቅ ምን ይቀርብኛል?

የቄስ ትምህርት ቤትን አሰብኩት። የኔታን ዲፕሎማ የጠየቃቸው የለም። ግን የሚያስተምሩት ደጀ ሰላሙ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ነው። ልጁም ከፊደል እስከ ዳዊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ገበያ የሚሄደው ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚያውቅ ካለ ቆም ብሎ «አሁን ያልካትን ድገማት» ይለዋል። ጅራፉን ረስቼው አይደለም፤ ጅራፉም ቢሆን በሰው ፊት ነበር። የከፋ ሲሆን «ኧረ በሕግ አምላክ» የሚል አላፊ አግዳሚ አይጠፋም።

እዚህ አገር ያ አላፊ አግዳሚ የለም። በር ይዘጋል፣ ጎረቤት ስም አያውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጁን ከቤተሰቡ ውጭ የሚያየው መምህሩ ብቻ የሆነበት ቤት ስንት አለ! ጉዳት ያየ መምህር እንዲያመለክት ሕግ የሚያስገድደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ እኔን የሚያስፈራኝ የወላጅ አለማወቅ አይደለም። ያላወቀ ይጠይቃል፣ ያነባል፣ ሰው ይቀጥራል። የሚያስፈራኝ ማንም የማያየው ልጅ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የማገኛት አንዲት እህት፣ ልጆቿን እሷም ቤት የምታስተምር፣ «በሃይማኖት በኩል ብትገቡ እኮ ማንም አይጠይቃችሁም» ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅ፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ኦገስት 1 ድረስ ልጁ መማሩን በፈተና ወይም በግምገማ ማሳየት አለበት። በእምነቱ ምክንያት ትምህርት ቤት መሄድን እንደሚቃወም አመልክቶ ነፃ የተደረገ ቤተሰብ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። እኔ ይህን በር አልወደውም። የእኛ ሃይማኖት ተማሩ እንጂ አትማሩ ብሎ አያውቅም፤ ልጅን ከሰው ዓይን ለመሰወር የእግዚአብሔርን ስም ማንሳት ይከብደኛል።

በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሚሽ የሚባሉ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ራሳቸውን ያራቁ ክርስቲያን ወላጆች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት እንዳይልኩ ሲፈቅድላቸው፣ ከዳኞቹ አንዱ ዳግላስ በሐሳብ በከፊል ተለይተው ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ምን ይላሉ፣ እነሱም ይሰሙ እንጂ ነው ያሉት። ይህን ካነበብኩ ቆይቷል፤ ዛሬ ግን ሳህን እያጠብኩ ድንገት መጣብኝ። እትዬ ወሰነች፣ እሱ ተቃወመ፣ እኔ ስለ ሕጉ አወራለሁ። ልጅቷን የጠየቃት ሰው ግን አልሰማሁም።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ስሄድ ብቻዋን ይዣት ልወጣና ልጠይቃት አስቤያለሁ። ሆዷን የሚያማት ለምን እንደሆነ ታውቀው ይሆናል። ግን ከጓደኞቿ መለየት ባትፈልግስ? ለእኔ ብላ ከትምህርት ቤት የወጣችውን ሴት፣ «ልጅሽ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ እያለች ነው» ብዬ በምን አፌ ልንገራት?